ሁሩታ ያልደረሰው የባቄላ ሰላጣ

በአገራችን እንደ ባቄላ ስሙ ያለ ጥፋቱ የጠፋ እህል የለም። ገብስ «የእህል ንጉሥ» ተብሎ ይሞገሳል። ጤፍ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይከበራል። ስንዴማ በኛ በአርሲ ደጋ ላይ ጌታ ነው፤ ዝናብ ሲዘገይ ሰው ስለ ልጁ ከሚጨነቀው ይልቅ ስለ ስንዴው ይጨነቃል። ባቄላን ግን የሚያነሳው ቢገኝ «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» ለማለት ብቻ ነው። ደሀና ባለጸጋውን፣ ሙስሊምና ክርስቲያኑን፣ ወታደርና ተማሪውን ሲያጠግብ ኖሮ ውለታው ይኸ ከሆነ ፍርድ የለም። ስለዚህ እኔ በባቄላ ስም ይግባኝ ብያለሁ። ምክንያቴንም ልንገራችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፤ መንገዱ ጭቃ ስለነበረ ነው።

ያን ጊዜ አሰላ ውስጥ ጎሚስታ ነበርኩ። ጎማ እነፋለሁ፣ ካላማዳሪ እለጥፋለሁ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በማያገባኝ ነገር እገባለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ እዚያው የቀረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነው። ከጎማ ሌላ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር «ቻው» ማለትና ባቄላ በአቼቶ መብላት ነው። ቅቅል ባቄላ ላይ ሽንኩርት ከትፎ፣ ዘይትና አቼቶ አፍስሶ «ኢንሳላታ!» ሲል መጀመሪያ ያመመው መስሎኝ ነበር። ኋላ ቀመስኩት። ቀምሼም ዝም አላልኩም፤ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለወርቅነሽ አወራሁላት።

ወርቅነሽ ደግሞ የሰው ምግብ ስትሰማ እንዳለ አትቀበልም፤ ታርመዋለች። አቼቶውን አባረረችና ሎሚ ቀጠረች። ባቄላውን ከዲክሲስ አስመጣች፤ የዚያ አገር ብርድ እህሉን ሳይቸኩል ስለሚያሳድገው ፍሬው አውራ ጣት ያህላል። ማታ ትዘፈዝፈዋለች፤ ጠዋት በዝግተኛ እሳት ትቀቅለዋለች። «ባቄላ ሲቸኩሉበት ያኮርፋል» ትላለች። ሊፈርስ ሲያስብ፣ ነገር ግን ገና ሳይወስን፣ ከእሳት ታወርደዋለች። ልጣጩን ትገፋለች። ቀይ ሽንኩርቱን ብርሃን እስኪያሳልፍ ታሳሳዋለች፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የኑግ ዘይት ትጨምራለች። በመጨረሻ ሰናፍጭ። ይኸ ሰናፍጭ ተንኮለኛ ነው፤ አፍ ላይ ምንም አይናገርም፤ ጉሮሮ ካለፈ በኋላ ተመልሶ በአፍንጫ ይወጣና ጭንቅላትን ዞሮ ይጎበኛል። ሰው አንዴ ይጎርሳል፣ ዝም ይላል፣ እንባውን ይጠርጋል፣ ከዚያ እጁን እንደገና ይዘረጋል። ዳግመኛ እጁን ያልዘረጋ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ለአሰላ ደግሞ ይኸ ሰላጣ ከምግብም በላይ ነበር። ከተማችን ውስጥ ድግስ ማለት ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ዳስ ነው። ጎረቤትና ጎረቤት ተቃቅፎ ይመጣና ሥጋው ሲቀርብ «ማን አረደው?» ተብሎ ይለያያል። ባቄላን ግን ማን አረደው ብሎ የጠየቀ የለም። የወርቅነሽ ሳፋ መሐል ላይ ሲቀመጥ ሁሉም ዞሮ አንድ ላይ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዎች ልምጣ።

የኔ ጎሚስታ ቤት በሁለት ትልልቅ ሰዎች መካከል የተሸጎጠ ነበር። በግራ በኩል የአቶ ደስታ ወፍጮ ቤት፣ በቀኝ በኩል የሐጂ ቃሲም የእህል መጋዘን። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደ ወንድማማች ነበሩ። ሐጂ እህሉን ይገዛሉ፣ ጋሼ ደስታ ይፈጩታል። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ሲል በኔ ጣሪያ ላይ ያልፋል። ታዲያ እንዲህ የነበሩ ሰዎች ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ምክንያቱ ቀልድ አልነበረም። የሐጂ እናት፣ አሰላ ሙሉ በኦሮምኛ «አዮ ሩቂያ»፣ እናታችን ሩቂያ፣ የሚላቸው፣ አረፉ። አገሩ ወጣ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከሬሳው ኋላ ተሰልፎ ሄደ። ጋሼ ደስታ ግን አልተገኙም። አለመገኘታቸው ብቻ ቢሆን ታምመው ነው ይባል ነበር። ቀብሩ በወፍጮ ቤቱ ደጅ ሲያልፍ ወፍጮው «ቱፍ! ቱፍ! ቱፍ!» እያለ ይፈጭ ነበር። ሐጂ ቃሲም የእናታቸውን ቃሬዛ ተሸክመው ያንን ድምፅ ሰሙ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እህላቸውን ጭነው ኢተያ ድረስ ሄደው ያስፈጩ ጀመር። ጋሼ ደስታን «ለምን ቀሩ?» ያላቸው ቢኖር «ሥራ ነበረብኝ» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። የባሰውም ይኸ መልስ ነው። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። እኔ መሐል ስለሆንኩ ከሁለቱም ወገን ተቆጠርኩ፤ ማለት ሁለቱም ወገን አኮረፈኝ። ጎማ ስነፋ እንኳ «ለማን ነው የምትነፋው?» እባላለሁ።

አሰላ ውስጥ ያልወገነ ሽማግሌ ስለታጣ ነገሩ ወደ ሁሩታ ተላከ። እዚያ ቀኛዝማች በላቸውና ሼህ አደም የሚባሉ ሁለት የተከበሩ አስታራቂዎች ነበሩ። የተቆረጠው ቀን ፍልሰታ ውስጥ ዋለ። ቀኛዝማች በላቸው «በጾም ይሁን፤ የቢላዋ ጣጣ የለበትም» ብለው ላኩ። ወርቅነሽ ይኸን ስትሰማ ባቄላ ዘፈዘፈች።

ጠዋት ሳፋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ በገመድ አስራ እቅፌ ላይ አኖረችው። ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው፣ ዳር ዳሩ ላይ አበባ የተሳለበት ሳፋ ነው።

«ስማ» አለችኝ፤ «ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ ‹እግዜር ይታረቃችሁ› ሳይባል ማንም እንዳይነካው። የዕርቅ ምግብ ነው። መንገድ ላይ አንዲት ፍሬ ብትጎድል አውቃለሁ።»

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«አንተን አውቅሃለሁ።»

ወደ ሁሩታ የሚሄድ አንድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ብቻ ነበር፤ ሾፌሩ ጀማል የሁላችንም ወዳጅ ነው። ችግሩ የተጀመረው ከጋቢናው ነው። ሐጂ ቃሲም ከኋላ ጆንያ ላይ ተቀመጡ ቢባሉ ክብራቸው አይፈቅድም። ጋሼ ደስታም እንደዚያው። አንድ ላይ ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ደግሞ ሞት ነው። ጀማል ራሱን አከከና «ጎሚስታው መሐል ይግባ» አለ። ገባሁ። ከጀማል ቀጥሎ ሐጂ፣ በመስኮቱ በኩል ጋሼ ደስታ፣ እኔ ከሳፋዬ ጋር በሁለቱ መካከል ግድግዳ ሆንኩ። ጀማል ማርሽ በለወጠ ቁጥር የሐጂ ጉልበት ይመታል፤ ሐጂ በተመቱ ቁጥር እኔን ይገፋሉ፤ እኔ በተገፋሁ ቁጥር ጋሼ ደስታ «ሰው ቀጥ ብሎ አይቀመጥም?» ይላሉ።

ገና ከአሰላ እንደወጣን ሐጂ ወደ ፊት እያዩ ተናገሩ።

«ለሰውየው መስኮቱን ይዝጋው በልልኝ። ብርድ ነው።»

ሰውየው ከኔ ወዲያ ናቸው። ጢማቸው ትከሻዬን ይነካል። ቢሆንም አደራ አደራ ነውና ዞርኩ። «ጋሼ፣ መስኮቱን ይዝጉት ይላሉ ሐጂ።»

«ሰምቻለሁ። ከዘጋሁት የሰላጣው ሽታ ጾሜን ያስፈታኛል በለው።»

«ሐጂ፣ ከዘጉት የሰላጣው ሽታ…»

«ሰምቻለሁ!»

እንዲህ እያልኩ ከአማርኛ ወደ አማርኛ ሳስተረጉም ኢተያን አለፍን። ሐጂ ቁጣቸው ሲብስ ለጀማል በኦሮምኛ ይነግሩታል። አሰላ ተወልደው ያደጉት ጋሼ ደስታ ከጀማል ቀድመው ሰምተው በአማርኛ ለኔ ይመልሳሉ። እኔ ለማን እንደማደርስ ጠፍቶኝ ለሳፋው ነገርኩት።

ከኢተያ ወዲያ መንገዱ ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር በበጋ ድንጋይ ነው፣ በክረምት ግን ዘመድ ይሆናል፤ የያዘውን አይለቅም። ሌሊቱን ዘንቦበት አድሯል። መኪናው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እንደ ሰካራም ሲወላገድ ቆየና፣ አንድ ጉድጓድ ጋ ሲደርስ ከበታቻችን «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ፀጥ። ከዚያ ወደ አንድ ጎን ዘመም።

ጀማል ወርዶ አየና ተመለሰ። «የኋላ ጎማ ነው» አለ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ያንን ጎማ ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ጀማል ሥራዬን አድንቆ ለሰው ሁሉ ሲያወራልኝ ነበር የከረመው።

«ማስቲሹ ጥሩ ነበር» አልኩ። «ጉድጓዱ ነው መጥፎው።»

ሐጂና ጋሼ ደስታ ከተጣሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሁለቱም እኩል በንቀት ተመለከቱኝ።

ሳፋዬን እንዳቀፍኩ ወረድኩ። ጀማል «አስቀምጠውና እርዳኝ እንጂ!» ቢለኝ፣ «ማንም እንዳይነካው ተብያለሁ» ብዬ እምቢ አልኩ። በአንድ እጄ ሳፋ፣ በሌላው የጎማ መፍቻ ይዤ ጭቃ ውስጥ ስንበረከክ ራሴን ባየው ኖሮ እኔም እስቅበት ነበር። መለዋወጫው ጎማ አለ። ችግሩ ክሪኩ ነው። ክሪኩን ከመኪናው ስር አቁመን ስናዞር መኪናው ወደ ላይ መነሳቱን ትቶ ክሪኩ ወደ ታች ይገባል። ድንጋይ እናስደግፈው ብንል የጥቁር አፈር አገር ድንጋይ አይወልድም። እንጨት ብንል ዙሪያው የባቄላና የስንዴ ማሳ ነው። ባቄላው አብቦ ያምራል፤ ነጭ አበባው መሐል ላይ ጥቁር ዓይን አለው፤ እንደ መንደር ሰው ቆሞ ያየናል።

እኩለ ቀን ላይ ገመቹ የሚባል ገበሬ ከቤቱ አይቶን ጥንድ በሬዎቹን እየነዳ መጣ። በሬዎቹን ከመኪናው ጋር በጠፍር አሰርን። በሬዎቹ ሳቡ፣ ጠፍሩ ተበጠሰ፣ ጀማል በግንባሩ ጭቃው ላይ ተደፋ። ገመቹ ጠፍሩን አነሳና ሳያዝን ሳይናደድ አየው። ከዚያ ወደ ክንዴ አየ።

«ምንድን ነው የተሸከምከው? ሕፃን ነው?»

«የባቄላ ሰላጣ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትበሉም? ፊታችሁ የራበው ሰው ፊት ነው።»

እውነቱን ነው። የኔ ሆድ ከጀማል ሞተር በላይ እየጮኸ ነበር። ጾም ላይ ነኝ ብዬ ራሴን ላጽናና ብሞክርም የኔ ጾም እኩለ ቀን ላይ የሚደክመው ዓይነት ነው። ሆኖም የወርቅነሽ ፊት መጣብኝ። «የዕርቅ ምግብ ነው፤ ሳይታረቁ አይበላም» አልኩት።

ገመቹ ነገሩ አልገባውም። ቤቱ ሄዶ ትኩስ የገብስ ቂጣ በቅጠል ጠቅልሎ አመጣ። እንግዲህ ጠፍሩ የተበጠሰበት፣ ቂጣ ያመጣ ሰው ፊት ሳፋ ሸፍኖ መቆም ነውር ነው። ወርቅነሽም ብትሆን ይኸን ነውር አትወድም። ገመዱን ፈታሁ፤ ጨርቁን ገለጥኩ።

የሎሚውና የሰናፍጩ ሽታ ሜዳው ላይ ወጣ። በሬዎቹ እንኳ ቀና አሉ። ባቄላው በዘይቱ አብረቅርቆ፣ ሽንኩርቱ ሎሚ ጠጥቶ ሐምራዊ ሆኖ፣ ቃሪያው በየመሐሉ አረንጓዴ ሆኖ ታየ። ገመቹ በቂጣው ጠቅልሎ ጎረሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «ማሎ!» ብሎ በኦሮምኛ ተማጠነና እንደገና እጁን ዘረጋ። ጀማል ግንባሩን ከጭቃ ሳይጠርግ ቀጠለ።

«ሐጂ፣ እርስዎም ይቅመሱ» አልኳቸው።

«አልራበኝም» አሉ ሐጂ። ይኸን ሲሉ ሆዳቸው በግልጽ ተቃወማቸው። ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው መኪናው ላይ ተደግፈው ቆሙ። ጋሼ ደስታም በወዲያኛው ጎን ተደግፈው ቆመዋል። እሳቸው እንኳን ባቄላ ውሃም አይቀምሱም፤ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ።

እኔ ሳፋውን ሸፈንኩ። ቆይቼ ገለጥኩ። አንድ ፍሬ ወሰድኩ። ሸፈንኩ። ሐጂ ግን የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ሰማዩን ያያሉ፣ እንደገና ሰዓታቸውን ያያሉ። መኪናው ስለዘገየ ተጨንቀው መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ጎሚስታ» አሉ፤ «ለሰውየው ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል በለው።»

ያኔ ገባኝ። እህል ያልቀመሱት የሰውየውን ሰዓት ሲጠብቁ ነው። ከዓመት በላይ ያልተነጋገሩት ሰው ሳይበላ እሳቸው እንዴት ይብሉ? ለጋሼ ደስታ ልነግራቸው ዞር ብል እሳቸውም ሰምተዋል። መሬት መሬት እያዩ ዞረው መጡ። በሳፋው ወዲያና ወዲህ ሁለቱ ተቀመጡ፤ አንዱ በባዶ ጀሪካን፣ ሌላው በፈነዳው ጎማዬ ላይ። ሳይተያዩ እጃቸውን ሰደዱ።

በሉ። እንዴት እንደበሉ አልነግራችሁም፤ ጾም ላይ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ጋሼ ደስታ ቃሪያ እየመረጡ ይበላሉ። ሐጂ ቂጣውን ከዘይቱ ውስጥ ነክረው ያወጣሉ። ቆይቶ ሰናፍጩ ሥራውን ጀመረ። ጋሼ ደስታ ድንገት ዓይናቸው ቀላ፣ እንባቸው በጉንጫቸው ዱብ ዱብ አለ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ እንደገና ፈሰሰ።

ሐጂ አዩአቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት፣ ያለኔ አስተርጓሚነት፣ ተናገሩ።

«ለሰናፍጭ እንባ አለህ፣ ደስታ። ለእናቴ ግን አልነበረህም።»

እጄ ሳፋው ውስጥ ቀረ። ጀማል ማኘኩን አቆመ። ጋሼ ደስታ ጉርሻቸውን አስቀመጡ።

«ቃሲም» አሉ።

«ቃሬዛዋን ይዤ በደጅህ ሳልፍ ወፍጮህ ይፈጭ ነበር! ጠላት እንኳ መንገድ ላይ ቆሞ ቆቡን ያወልቃል። ያን ቀን የማንን እህል ነው የፈጨኸው? ንገረኝ፤ የማንን?»

«የማንንም።»

«እንዴት የማንንም?»

«ባዶውን ነበር።» አሉ ጋሼ ደስታ። «ባዶውን ነው ያስነሳሁት። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ አዮ ነች፤ ታውቃለህ። ልብሴን ለብሼ ልወጣ በሩ ጋ ደረስኩ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ቁጭ አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። ለቅሶ አይደለም፤ እንደ ሕፃን መጮህ ነው። ደጁ ላይ ሰው ያልፋል። አፈርኩ። ድምፄ እንዳይሰማ ሞተሩን አስነሳሁት። እናንተ ስታልፉ እኔ ከወፍጮው ስር ወድቄ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ትልቅ ሰው ሆኜ በወፍጮ ተደብቄ አለቀስኩ ብዬ?»

ያን ጊዜ ጀማል ቀስ ብሎ ወሬው ውስጥ ገባ። «ሐጂ፣ በማግስቱ የወፍጮ ድንጋይ ወቃሪ ከኢተያ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ። ድንጋዩ ከድንጋይ ጋር ተፋጭቶ ተበላሽቶ ነበር። ምን ነካው ብላቸው አልመለሱልኝም።»

ሐጂ ቃሲም ዕድሜያቸውን በእህል መካከል የኖሩ ሰው ናቸው። ወፍጮ ያለ እህል ሲዞር ድንጋዩ ራሱን እንደሚበላ ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም። አንገታቸውን አቀረቀሩ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ይኸ እንባ የሰናፍጭ እንዳልነበረ እኔ ምስክር ነኝ፤ መጉረስ ካቆሙ ቆይተዋል። ተነሱና በሳፋው ላይ ተንጠራርተው የጋሼ ደስታን አንገት ያዙ። ጋሼ ደስታም ያዟቸው። እኔ እንዳይወድቅ ሳፋውን ያዝኩ። ገመቹ ነገሩ ሁሉ ባይገባውም ጋቢውን ዓይኑ ላይ አደረገ።

ከዚያ ሐጂ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። «ኛዹ!» አሉ፤ «ብላ እንጂ! ከስተሃል።» ጋሼ ደስታ በሉ፤ መልሰው አጎረሱ። አንዱ ሲያጎርስ ሌላው፣ ሌላው ሲያጎርስ ጀማል፣ ጀማል ሲያጎርስ ገመቹ፤ እኔም በየመሐሉ። ‹ሽማግሌዎቹ ፊት› የሚለው ትእዛዝ ትዝ ያለኝ ጋሼ ደስታ የሳፋውን ታች በቂጣ ሲጠርጉ ነው። የተሳለው አበባ ሙሉ በሙሉ ታየ።

«አለቀ» አልኩ በድንጋጤ።

«አላለቀም» አሉ ሐጂ፤ ሳፋውን ከእጄ ነጥቀው ገለበጡት። ዳር ዳሩን በጣታቸው አንኳኩ። «ይኸ ጠንካራ ነው። ደስታ፣ ከክሪኩ ስር ብናደርገውስ?»

«ሐጂ! የወርቅነሽ ነው! ከእናቷ ቤት ነው ያመጣችው!»

የሰማኝ የለም። ከዓመት በላይ ያልተስማሙ ሰዎች አሁን ያለልክ ተስማሙ። ሳፋውን ደፍተው ጭቃው ላይ አኖሩት፣ ክሪኩን አቆሙበት። ጋሼ ደስታ አዞሩ፣ ሐጂ «በርታ!» አሉ። ሳፋው «ጨርርር» አለ፣ ጎበጠ፣ ተጠፈጠፈ፤ ግን አልሰመጠም። ትሬንታ ኳትሮው ቀስ እያለ ተነሳ። ጎማውን ቀየርኩ፤ ገመቹ ከአጥሩ ነቅሎ ያመጣው ጭራሮ ከጎማው ስር ተነጠፈ፤ ጀማል ነዳ፤ ወጣን። ለገመቹ ሐጂ አዲስ ጠፍር እልካለሁ ብለው ቃል ገቡ፤ ጋሼ ደስታ «እኔ ነኝ የምልክለት» አሉ፤ በዚህ ትንሽ ተጨቃጨቁ። ደስ የሚል ጭቅጭቅ ነበር።

ሁሩታ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ቀኛዝማች በላቸውና ሼህ አደም ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አስነጥፈው፣ ለከሳሽ በአንድ በኩል፣ ለተከሳሽ በሌላ በኩል በርጩማ አስቀምጠው፣ ከጠዋት ጀምሮ ጠብቀዋል። እነሱ ሲጠብቁ ሁለቱ ባላጋራዎች ተቃቅፈው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ እየሳቁ ገቡ።

ቀኛዝማች ብድግ አሉ። «ምንድን ነው ይኸ?»

«ታርቀናል፣ ቀኛዝማች» አሉ ሐጂ።

«በማን ፈቃድ?»

ሼህ አደም ከቀኛዝማች የባሰ ተከፉ። «እኔ ሦስት ሌሊት ምክር ሳሰናዳ ነው የከረምኩት። አሁን ይኸን ሁሉ ምክር የት ላድርገው?»

«በወግ መታረቅ አለባችሁ» አሉ ቀኛዝማች። «ተለያዩና ተቀመጡ። ቃሲም እዚያ፣ ደስታ እዚህ። አትተያዩ! ፊታችሁን አጥቁሩ!»

ምን ይደረግ፣ ተለያይተው ተቀመጡ። ሼህ አደም ምክራቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ። ጥሩ ምክር ነበር፤ ለተጣላ ሰው ቢሆን ያስለቅስ ነበር። ጋሼ ደስታ ሳቃቸውን ለመያዝ ጋቢያቸውን ነክሰዋል። ቀኛዝማች «በል ቃሲም፣ በደስታ ላይ ያለህን አቤቱታ ተናገር» አሉ።

ሐጂ ተነሱ። አሰቡ። «ቃሪያውን ሁሉ ብቻውን በላው» አሉ።

ቀኛዝማች ግራ ገባቸው። «የምን ቃሪያ?» ከዚያ ዓይናቸው ወደኔ መጣ። «እውነት፣ ያ ሲወራለት የከረመው ሰላጣስ የት አለ?»

ሳፋውን አቀረብኩ። ቀኛዝማች ተቀብለው አገላበጡት። ውስጡም ውጪውም አንድ ዓይነት ሆኗል። «ይኸ ሳፋ ነው ወይስ ምጣድ?» አሉ። ነገሩን ሁሉ ከነወፍጮው አወራሁላቸው። ሲያልቅ ሼህ አደም ፂማቸውን እየዳበሱ ለቀኛዝማች «ከኛ ምክር የሱ ሚስት ባቄላ ይሻላል» አሏቸው። ቀኛዝማች ግን በቀላሉ አልለቀቁኝም። ሽማግሌ ያስጠበቀ፣ የዕርቅ ምግብ ያስበላ ሰው ካሣ መክፈል ይገባዋል ብለው ፈረዱ፤ ካሣውም እንደ መጀመሪያው ሳፋ ሙሉ ሰላጣ ሆነ። ፍርዱ ተፈረደብኝ እንጂ የሚዘፈዝፈውና የሚቀቅለው ሌላ ሰው ነው። ወርቅነሽ ይኸንን ስትሰማና ሳፋዋን ስታይ ያለችኝን እዚህ አልጽፍም፤ ልጆች ያነቡታል። ብቻ ሐጂና ጋሼ ደስታ አንዳንድ ሳፋ ገዝተው አስታረቁኝ፤ ሰላጣውም ሁሩታ ደርሶ ተበላ፤ ቀኛዝማችም ሁለተኛ እጃቸውን ዘረጉ።

ግን ከዚያ በፊት፣ በማግስቱ ጠዋት ስንመለስ፣ አሰላ መግቢያ ላይ ጋሼ ደስታ «ጀማል፣ እዚህ አቁም» አሉት። የሙስሊሞቹ መቃብር ያለበት ቦታ ነው። ወረዱ። ሐጂም ተከትለዋቸው ወረዱ። እኔና ጀማል መንገድ ዳር ቆመን ቀረን። ሣሩ በዝናቡ ረዝሟል። ሐጂ እየመሩ ወሰዷቸውና አንድ ቦታ ላይ በእጃቸው አሳዩአቸው።

ጋሼ ደስታ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጎንበስ ብለው እፍኝ አፈር አነሱና መቃብሩ ላይ በቀስታ አለበሱ።

«አዮ» አሉ፤ «ይቅርታ፤ ዘገየሁ።»

ሐጂ ቃሲም አጠገባቸው ቆመው፣ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና፣ «ልጅ ሆነን ለምሳም እንደዚሁ ነበርክ» አሏቸው። «ትጠብቅህ ነበር።»